ልጄን ያወፈረው ስክሪን

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን

ለበኩር ልጄ፣ ሩቅ ላለሽው፤

ሌላ ጊዜ «ደህና ነኝ» ብዬ ነበር የምጀምርልሽ። ዛሬ ይቅር። በስልክ የዋሹትን ነፋስ ይወስደዋል፤ የጻፉት ግን ይቀመጣል።

የወንድምሽ መርዶ የደረሰኝ ሐሙስ ቀን ነው። እዚያው በምታውቂው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። ስልኬ ጠራ፤ ወንድምሽ ሦስት ዓመት የኖረበት ቤት አከራይ ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ አውርተን ስለነበር ድምፅዋን ለየሁት።

«እህቴ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ።

«የምን መቀመጥ? ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት።

«ልጃችንን አጣነው» አለች።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው መሞቱ አይደለም። «ልጃችን» ያለችው ነው። ልጃችን? እኔና ማን ነን የወለድነው? ሌላው ቃል የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ካውያው አንሶላው ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ሰዎቹን የጠራቸው የኔ ጩኸት ሳይሆን የቃጠሎው ሽታ ነው።

ይህን የምነግርሽ ቅናቴ ከየት እንደጀመረ እንድታውቂ ነው። «እማዬ፣ ያቺን ሴት እንዴት እንዲህ ትዪያታለሽ?» ብለሽ ስልኩን ከዘጋሽብኝ ዛሬ አሥራ ስድስት ቀን ሆነ። ልመልስልሽ አፌን ስከፍት ተዘጋ፤ የተዘጋ ስልክ ይዤ ነው የተናገርኩት። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ቢሆንም ሦስት ቀንም ይፍጅ ሁሉንም እጽፍልሻለሁ። ከዚያ ፍረጂኝ።

አንድ ቀን ተኩል በአውቶቡስ ተጉዤ ስደርስ ሳጥኑ ተዘግቷል። ክፈቱልኝ ብዬ ጮህኩ። «አትክፈቱባት፤ እንደምታውቀው ሆኖ ይቅርላት» አለች ሴትዮዋ። ሰዉም የሰማው እሷን ነው። በዚያ ግቢ የሁሉ ነገር አዛዥ እሷ ነበረች። ለቀስተኛው ሲገባ መጀመሪያ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል፤ ከዚያ ዞር ብሎ «እናትየው እርስዎ ነዎት?» ይለኛል። እንደ ሩቅ ዘመድ ጥግ ይዤ፣ ለሌላ ሴት «እግዜር ያጥናሽ» ሲባል ስሰማ ዋልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ባሰብኝ። ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ በረንዳው ላይ፣ ከእሱ በር ሦስት እርምጃ ላይ ነው የተቀመጠው። የትኛው ማንኪያ የእሱ እንደሆነ ታውቃለች። «በቀኝ ጎኑ ነበር የሚተኛው፤ ግራው ይከብደው ነበር» ትለኛለች። ዘጠኝ ወር በየት ጎኑ እንደተኛ ግን ማንም አልጠየቀኝም። «እማማ» ይላት ነበር። እኔን «እማዬ»። ጽፌ አየሁት፤ በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የምለያት።

ስመለስ የልብሱን ሻንጣና ኮምፒውተሩን ይዤ መጣሁ። በር ላይ ስንሰነባበት እጄን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አንድ ፎቶውን ላኪልኝ። እኔ ጋ አንድም የለኝም፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

ፓስወርዱንም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ብሎን። በአራት ዓመቱ የራዲዮኑን ብሎን ሁሉ ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ሲያንቃጭል እኔ ያወጣሁለት ቅጽል ስም! ራሴ ያወጣሁትን ስም በእሷ እጅ ጽሑፍ ተቀበልኩ።

«አያለሁ» አልኳት። በኛ ቤት «አያለሁ» ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እሷ አታውቅም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሁለት ጊዜ ሳመችኝ።

ቤት እንደገባሁ ኮምፒውተሩን ራሴ ገጣጠምኩት። «እማዬ፣ ገመድ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀዳዳ አለው» ይለኝ ነበር ብሎን። ሰማያዊውን ከሰማያዊው ጋር አገናኘሁ። አልገባም ሲለኝ ገፋሁት፤ ገባ። በራ። የጫነበት ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም ነው፤ በሚሠራበት ትምህርት ቤትም የሚጠግናቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሁሉ የሚጭነው እሱን ነበር። «አሮጌ አይንቅም፣ እማዬ» ሲለኝ በእኔ የሚያሾፍ ይመስለኝ ነበር።

ፊደሉ ሁሉ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ተንሰራፍቷል፤ ጠርዙም ደብዛዛ ነው። የዓይኔ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ፎቶዎቹን አገኘሁ። የመጨረሻው ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት የተነሳው ነው፤ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ ሴትዮዋ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ይስቃል።

ወፍሯል!

ጉንጩ ሞልቷል። ትከሻው ሰፍቷል። አንገቱ የት እንደገባ እንጃ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መስሏል። ያ ምን ባበላው ጅማት ብቻ የነበረው ልጅ፣ «ይሄ ልጅ ምግቡን ለማን ነው የሚያካፍለው?» ትዪው የነበረው! አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኑን አላየሁትም፤ የኔ ስልክ እንደምታውቂው ከድምፅ በቀር አያመጣም፤ አንቺንም ካሜራዬ ተበላሽቷል እያለ በድምፅ ብቻ ነበር የሚያወራሽ። ለካ እንዲህ ሆኖ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ልጄ ጠግቦ ነው የሞተው። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። ሃያ ስምንት ዓመት አብልቼ ያላወፈርኩትን በሦስት ዓመት አወፈረችው! አሁን ገባኝ አልኩ፤ ለምን እንደማይመጣ፣ ለምን «ሥራ በዛብኝ» እንደሚለኝ። የሚመጣበት ምን ምክንያት አለው? የሞላ ገበታ ትቶ!

በነጋታው ደወልኩላት።

«አንቺ ሴት፣ ልጄን ምን ስታበይው ነበር?»

«ምን አልሽኝ፣ እህቴ?»

«መቼ ነው እህትሽ የሆንኩት? ልቡ ነው የገደለው ተብሏል። ልቡ በምን ሞተ? በስብ ነዋ! ከእናቱ እኔ እበልጣለሁ ለማለት አጉርሰሽ አጉርሰሽ ገደልሽው።»

የስፌት መኪናዋ ሲቆም ሰማሁት። ከዚያ ቀስ ብላ «እሱ እኮ አይበላም ነበር» አለችኝ።

«ፎቶው ፊቴ ተቀምጦ ትዋሺኛለሽ? ፎቶውንም በሕልምሽ ታይዋለሽ እንጂ ከኔ እጅ አታገኚውም!» ብዬ ዘጋሁባት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት?

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። እሷ ነች የነገረችሽ ወይስ አንቺ ደውለሽላት ነው ብዬ እስከ ዛሬ ስብሰለሰል አለሁ፤ እሱንም አልደብቅሽም። «ታሞ ነበር እኮ፣ ስምንት ወር! ለእማዬ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሏት ነው» አልሽኝ። አላመንኩሽም። ሰው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው የሚያምነው፤ እኔ ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አንቺ የማታውቂው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ያን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ልሰቅለው አሰብኩ። ግብዝነት ነው፤ አውቃለሁ። ስለሱ የሚጠይቀኝ ሁሉ ልጄ ሞልቶለት እንደነበር እንዲያይ ፈለግሁ። ፍላሽ ላይ መገልበጥ ብሎን እዚህ ሳለ አስተምሮኛል፤ ገልብጬ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ፎቶ አንሺውን ታውቂዋለሽ፣ «መነጽር» የምንለውን። ስመለስ ታትሞ ጠበቀኝ።

«ይሄ ማነው?» አልኩት።

«የሰጡኝ ፎቶ ነዋ፣ እናቴ።»

«አክስተኸዋል!»

«ፎቶ ቤት ሰው አያከሳም፣ እናቴ። ቢያከሳማ ኖሮ ሰልፉ እስከ አደባባዩ በደረሰ ነበር።»

«መልሰህ አውፍረው!» ብዬ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። መነጽር ግን አልሳቀም፤ ጥቁር ልብሴን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማሽኑ ያለውን ነው ያተመው። የሚያሰፋው የእርስዎ ስክሪን ሳይሆን አይቀርም። ዶክተሯ ብታየው ጥሩ ነው» አለኝ።

ዶክተሯ ሰው አታክምም፤ በሰፈራችን ኮምፒውተር የምትጠግነው ሴት ናት፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ሱቅ የከፈተችው። አልጠራኋትም። የታተመውን ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ደፍቼ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከሥራ ስመለስ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ወፍራም ልጄን አያለሁ፤ ሴትዮዋን እረግማለሁ። ግን መሳቢያውም ይጠራኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ጠራኋት።

ገና ሲበራ «ውይ፣ ሪዞሉሽኑ!» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ሁሉም ነገር ወደ ጎን ተለጥጧል፣ እትዬ። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ጠባብ መስሎት የጠባብ ምስል ይልክለታል። ለአንድ ሰው አልጋ የተሰፋ አንሶላ ለሁለት ሰው አልጋ ሲወጠር አስቡት።»

በሥራዬ ስትመስልልኝ ገባኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ማስተካከያው ውስጥ ገባች። የሚመረጠው ሁለት ብቻ ነው፤ 1024 በ768 የሚል፣ ሌላው ከሱም ያነሰ። የስክሪኑ ስም መጻፍ ባለበት ቦታ «ያልታወቀ» ይላል። አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተችና አንዲት ቃል ጻፈች፤ እዚያም ዝርዝሩ ያው ነው። «1920 በ1080 መኖር ነበረበት» አለች። ቀጥላ ሾፌሩን ጠረጠረች።

«ሾፌሩማ በሰላም ነው ያመጣኝ» አልኳት።

በሳቅ ወደቀች። ለካ እነሱ ሾፌር የሚሉት ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን የሚያስማማውን ፕሮግራም ነው። አየችው፤ ደህና ነው። ከዚያ ከጀርባ ገብታ ሰማያዊውን ገመድ ነቀለችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ውስጡን አሳየችኝ። እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮች ተደርድረዋል። አንዷ ተጋድማለች።

«ማነው የሰካው?»

«እኔ።»

«ገፍተውታል?»

«ትንሽ» አልኩ።

«ኮምፒውተሩ ሲበራ ስክሪኑን፣ ማነህ፣ ስፋትህስ ስንት ነው? ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ የሚመጣው በዚች እግር ነው። መልስ ካጣ ደግሞ በግምት ይሄዳል፤ ማንም ላይ የሚሆነውን ትንሹን ልክ ይሰጠዋል።»

እሱስ ቢያንስ ጠይቋል አልኩ በሆዴ። እኔ ያቺን ሴት ልጄ እንዴት እንደሰነበተ መቼ ጠየቅኋት?

እግሯን በወረንጦ አቀናችና መልሳ ሰካችው። አሁን ዝርዝሩ ረዝሟል፤ የስክሪኑም ስም መጥቷል። ልጄን እንድናይበት ፎቶውን ከፍታ ትልቁን ቁጥር መረጠች። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። «ገደልሽው!» አልኳት። ተመልሶ በራ።

መሐል ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፤ ይህ ይቆይ ወይስ ወደ ነበረበት ይመለስ? የሚል። ከሥሩ ቁጥር ይቆጥራል፤ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ። ሰው ካልመለሰለት ራሱ ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ከጥያቄው ኋላ ልጄ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የተሰማኝን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ደስ አለኝ። «አላወፈረችውም!» አለ ሆዴ። አንድ ሁለት ቁጥር እስኪቆጠር ድረስ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አየሁት። የአንገቱ አጥንት ከኮሌታው ወጥቷል። ጉንጩ ገብቶ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው። ክንዱ የመጥረጊያ እንጨት አክሏል። ያ ልጅ ሞቱን ይዞ ነው ቁጭ ብሎ የሚስቀው።

«ላቆየው፣ እትዬ?» አለችኝ። ዘጠኝ። ስምንት። «እትዬ?»

ቁጥሩ አለቀ። ስክሪኑ ብልጭ አለና ልጄ ተመልሶ ወፈረ።

«ተይው» አልኳት። «እንዲህ ይሻላል።»

«እንዳሉ። ስክሪኑ የእርስዎ ነው» ብላ ወረንጦዋን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። አልገፋፋችኝም። ቢገፋፉኝ እልህ እጋባ ነበር። ቁጭ ብዬ ያን ሙሉ ጉንጭ አየሁት። እኔ የሠራሁት ጉንጭ ነው። ገመድ ገፍቼ የሠራሁት። የማላውቀው ሰው መሰለኝ። ያኛው፣ አጥንቱ የወጣው፣ እሱ ነው የኔ ልጅ፤ ማንም ያላሳየኝ ልጄ።

«አንዴ ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። ሃያ ብሎ ሲጀምር ማውዙን ከእጇ ወሰድኩና ራሴ «ይቆይ» የሚለውን ነካሁት። በሁለት እጄ ነው የያዝኩት።

ስክሪኑ ከጠራ በኋላ ድሮ የደበዘዘው ሁሉ ይታያል። ሠላሳ ዓመት ስፌት ስተኩስ ነው የኖርኩት፤ ዓይኔ ከፊቱ ሸሽቶ ሸሚዙ ላይ አረፈ። ጎኑ ላይ አንድ መስመር አየሁ፤ ሸሚዙ ሲገዛ ያልነበረ። ዶክተሯ እንደሄደች ከመጣሁ ጀምሮ ያልከፈትኩትን ሻንጣ ከፈትኩ። ሰማያዊውን ሸሚዝ አውጥቼ ገለበጥኩት።

ጠብቧል። ከብብቱ እስከ ጫፉ። ከዚያ ቆይቶ ሁለተኛ ጠብቧል፤ ክሩ ሌላ ነው። ቀሪዎቹን አምስቱንም ገለበጥኩ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ልጄ በከሳ ቁጥር የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ልብሱን ከአካሉ ጋር አስተካክላለች፤ ሰው ክሳቱን እንዳያይበት፣ እሱም መስታወት ፊት ሲቆም ልብሱ እንዳይንጠለጠልበት። ያ ብቻ ቢሆን እንኳ ቅናቴ አይበርድም ነበር። ግን ልጄ፣ ትርፉን ጨርቅ አልቆረጠችውም። ከስድስቱ ከአንዱም። አጥፋ፣ ጠርዙን ይዛ፣ ሲፈለግ ቶሎ እንዲተረተር በስሱ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ከውስጥ ትታዋለች። ልብስ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ የማትቆርጠው መቼ ነው? ባለቤቱ መልሶ ይወፍራል ብላ ስትጠብቅ ነው።

ያቺን ሴት ነው አጉርሰሽ ገደልሽው ያልኳት።

አሁን ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትዪኝ፣ አለቀቀኝም። እንዲያውም ድሮ በማላውቀው ነገር ነበር የምቀናው፤ አሁን በማውቀው ነው። ያን መርፌ መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለእሷ አሳይቷት እኔን ደበቀኝ። እኔ ሥራዬን ትቼ እንዳልመጣበት ነው አሉ። መምጣት ነበረብኛ! ሰው እናት ለምን ይሆናል ታዲያ? ግን ይሄ የኔና የእሱ ጉዳይ ነው፤ እሷ ምን አደረገች? ያመነኝን ሰው አደራ አልሸጥም ብላ፣ ስሰድባት እንኳ ከአንዲት ቃል በላይ አልመለሰችልኝም።

ዛሬ ጠዋት መነጽር ጋ ሄጄ ሁለት ፎቶ አሳተምኩ። እንዳለ፣ ሳይሰፋ። አንዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ላንቺ ነው። ስትከፍቺው ቁጭ ብለሽ ክፈቺው። ሌላውን ለእሷ ራሴ ነው የማደርሰው፤ የመጪውን ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ። ይቅርታ በፖስታ አይላክም። እስከዚያ ደውለሽ ፎቶው እየመጣ ነው በያት። ስለ ሸሚዞቹ ግን እንዳትነግሪያት። ትርፉን ጨርቅ ማየቴን እኔ ልንገራት፤ እሱን እንኳ ለኔ ተዪልኝ።

አንቺም ልጄ፣ እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ፤ ደጅሽን ሰላም፣ ጎንሽን ጤና ያድርገው። እህል ብዪ። ከከሳሽም ንገሪኝ። ለሌላ ሰው ቀድመሽ አታሳዪ፤ ሁለተኛ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ አጠገብሽ ሆኖ የሚያነብልሽ ወይም የሚሰማሽ ሰው ካለ አደራ በዪልኝ፤ በገባው ቋንቋ፣ በለመደው መንገድ፣ ስለ ወንድምሽ ነፍስ አንድ ጊዜ ይጸልይ። የኔ ጸሎት ብቻውን የሚበቃው ይመስለኝ ነበር፤ ለማንም ላላካፍለው ነበር። አይበቃውም። ጸልዩለት።

እናትሽ